ደማቅ ኳሳሮችን ለመፈለግና ለመቁጠር የትኛውን የሰማይ ቅኝት እንምረጥ? በሰሜን ሸዋ ሆነው ለሚጀምሩ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ከፊዚክስ መምህራንና ከተማሪዎቻቸው ጋር ስለ ሥነ ፈለክ ስንነጋገር ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ፣ ወይም አንድ የሳይንስ ክበብ ለዓመቱ ሥራው «ደማቅ ኳሳሮችን ፈልገን እንቁጠር» ብሎ ይነሳል። ኮምፒውተሩን ሲከፍት ግን የሚያገኘው አንድ የተጠናቀቀ ዝርዝር ሳይሆን ቁጥራቸው የማይገናኝ ብዙ ዝርዝሮችን ነው፤ አንዱ 114፣ አንዱ 1,055፣ ሌላው 750,414፣ ሌላው ደግሞ 6.6 ሚሊዮን ይላል። ከእነዚህ ውስጥ ሐሰት የሚናገር የለም፤ እያንዳንዱ በራሱ ወንፊት፣ በራሱ የሰማይ ክፍልና በራሱ የድምቀት ወሰን ያገኘውን ነው የሚናገረው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ወንፊቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ለየትኛው ሥራና ለየትኛው አቅም እንደሚስማማ ለማሳየት ነው። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ደማቅ ኳሳሮችን በሚመለከት የአንድ ቅኝት ዋጋ የሚለካው ባገኘው ብዛት ሳይሆን ምን እንዳመለጠው ለይቶ መናገር በመቻሉ ነው።

የምንፈልገው ነገር

ኳሳር በሩቅ ጋላክሲ መካከል የተቀመጠ፣ ክብደቱ ከፀሐይ በሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች እጥፍ የሚበልጥ ጥቁር ጉድጓድ በዙሪያው ያለውን ጋዝ ሲውጥ፣ እየተሽከረከረ የሚወርደው ጋዝ ግሎ የሚያወጣው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከጋላክሲው ከዋክብት ድምር ስለሚበልጥ፣ በቴሌስኮፕ የሚታየው ጋላክሲው ሳይሆን እንደ ኮከብ ያለች አንዲት ነጥብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማርተን ሽሚት 3ሲ 273 የተባለችውን «ኮከብ» ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኗ በየቀለሙ ተበትኖ ሲታይ የሚሰጠውን ምስል፣ ሲመረምር የሃይድሮጅን መስመሮች ከቦታቸው ወደ ቀይ በ0.158 ያህል ተንሸራተው አገኘ፤ ይህ መንሸራተት ሬድሺፍት ይባላል፣ የርቀትም ምልክት ነው። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2 ቢሊዮን ዓመት ያህል የሚፈጅባት ይህች ነጥብ እስከ ዛሬ በሰማያችን ላይ ከሚታዩት ኳሳሮች ሁሉ የደመቀችው ናት፤ ማግኒቲዩዷም 12.9 ነው። ማግኒቲዩድ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምቀቱ እንደሚጨምር አንባቢው ያስታውስ።

ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ኳሳር ኮከብ በመምሰሉ ነው። መንዝ ውስጥ ጉም በወረደ ቀን የሁለት ሰው በጎች ሲቀላቀሉ ቀለም ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል፤ ባለቤቱ የሚለየው የጆሮውን ምልክት ቀረብ ብሎ አይቶ ነው። የኳሳር የጆሮ ምልክቱ ስፔክትረሙ ነው። ይሁን እንጂ የሚሊዮኖች ነጥቦችን ስፔክትረም አንድ በአንድ ማንሳት ስለማይቻል፣ በመጀመሪያ በርካሽ ወንፊት እጩዎችን መለየት፣ ከዚያም እጩዎቹን ብቻ በስፔክትረም ማረጋገጥ የግድ ይሆናል። ከዚህ በታች የምናነጻጽረው ይህን የመጀመሪያውን ወንፊት ነው።

ከመምረጥ በፊት የሚቀመጡ መመዘኛዎች

የመጀመሪያው መመዘኛ ስፋት ነው። መላው ሰማይ 41,253 ካሬ ዲግሪ ነው፤ ደማቅ ኳሳሮች ደግሞ እጅግ ጥቂት ናቸው። ማግኒቲዩዱ 16 ገደማ በሆነ ወሰን የተሠራ አንድ የታወቀ ቆጠራ በአማካይ ያገኘው በ94 ካሬ ዲግሪ አንድ ነው። ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ወደ ሰማይ ብታነሱ፣ ጭብጡ የሚሸፍነው ቦታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአንድ ጭብጥ ሰማይ አንድ ኳሳር ማለት ነው። ስለዚህ ጠባብ ቦታን በጥልቀት የሚያይ ትልቅ ቴሌስኮፕ ለዚህ ሥራ አይበጅም፤ ሰፊ ቦታን ሳይጠልቅ የሚያይ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነትም ዋነኛው፣ ምሉዕነት ነው፤ በወሰናችን ውስጥ ካሉት ኳሳሮች ከመቶው ስንቱ በወንፊቱ ያልፋሉ የሚለው። ሦስተኛው ጥራት ነው፤ ከመረጥናቸው እጩዎች ስንቱ በእርግጥ ኳሳር ሆነው ይገኛሉ። እነዚህ ሁለቱ ይጣላሉ። ምስር የለቀመ ሰው እንደሚያውቀው፣ በሰፌድ ላይ አንዲት ጠጠር እንዳትቀር ብሎ የሚጨክን እጅ ደህናውን ምስር ጭምር ይጥላል፤ ምስር እንዳይጣል የሚሳሳ ደግሞ ጠጠር ያበላል። ለመቁጠር የተነሳ ሰው ጠጠሩን መታገሥ አለበት፤ ጠጠሩ በኋላ በስፔክትረም ይለቀማል፣ የተጣለው ምስር ግን አይመለስም።

አራተኛው የድምቀት ልኬት ትክክለኛነት ነው፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚዘነጉትም ይህን ነው። በደማቁ ወገን አንድ ማግኒቲዩድ ወደ ደብዛዛው በወረድን ቁጥር የኳሳሮች ብዛት ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ልኬታችን በ0.3 ማግኒቲዩድ የሚወዛገብ ከሆነ፣ ከወሰኑ ውጭ ካሉት ብዙ ደብዛዛዎች በስሕተት ወደ ውስጥ የሚገቡት ከውስጥ በስሕተት ከሚወጡት ይበልጣሉ። ስሕተቱ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል ቢሆንም ሕዝቡ እኩል ስላልሆነ ቆጠራው ያብጣል። በተጠቀሰው የብዛት ጭማሪ ሒሳቡን ብትሠሩት እብጠቱ ወደ 15 ከመቶ ይደርሳል። ኳሳሮች ራሳቸው በወራትና በዓመታት ውስጥ ስለሚደምቁና ስለሚደበዝዙም ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል።

አምስተኛው ወጪ ነው፦ የሚወርደው ፋይል ስንት ይሆናል፣ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይጠይቃል፣ አንድን እጩ ለማረጋገጥስ ስንት ሌሊት ያስፈልጋል። ለእኛ አንድ ተጨማሪ ነጥብም አለ። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሰሜኑ ዋልታ ጀምሮ እስከ ደቡቡ ሰማይ ጥግ ድረስ ለማየት የምንቸገርበት ክፍል ጥቂት ነው። የሰሜኑን ብቻ ወይም የደቡቡን ብቻ የሚሸፍን ዝርዝር ይህን ዕድላችንን ግማሽ ያደርገዋል።

የአልትራቫዮሌት ብልጫ

በጣም የቆየውና እስከ ዛሬ ብዙ የሚያስተምረው መንገድ ይህ ነው። የጋለው የኳሳር ጋዝ ከተራ ኮከብ ይልቅ አብዝቶ አልትራቫዮሌት ስለሚያወጣ፣ አንድን ሰማይ በአልትራቫዮሌትና በሰማያዊ ማጣሪያ አንስቶ ማወዳደር ይበቃል። የፓሎማር-ግሪን ቅኝት የተሠራው በካሊፎርኒያው ፓሎማር ተራራ ባለው የ46 ሳንቲ ሜትር ሽሚት ካሜራ (ሰፊ ሰማይ የሚያነሳ የቴሌስኮፕ ዓይነት፤ ስሙ ከማርተን ሽሚት ጋር አይገናኝም) ነው። አንዱ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ሁለት ጊዜ ለብርሃን ይጋለጥ ነበር፤ አንዴ በአልትራቫዮሌት፣ አንዴ በሰማያዊ፣ በመካከሉ ካሜራው ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ እያንዳንዱ ኮከብ ጥንድ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ የአልትራቫዮሌት ነጥቡ ከተለመደው የጠቆረ ጥንድ ለእጩነት ይመረጣል።

በዚህ መንገድ 10,714 ካሬ ዲግሪ፣ ማለትም የሰማዩ ሩብ ያህል፣ በአማካይ እስከ ማግኒቲዩድ 16.16 ድረስ ተቃኘ። በምሉዕው ዝርዝር ውስጥ 1,715 ሰማያዊ ነጥቦች ገቡ፤ ስፔክትረማቸው ሲታይ ኳሳርና የኳሳር ዘመድ የሆኑት 114 ብቻ ናቸው። የቀሩት በአብዛኛው ነጭ ድንክ ከዋክብትና ሌሎች የጋሉ ከዋክብት ነበሩ። አንድ ኳሳር ለማግኘት 15 ነጥብ መመርመር ነው። ከ114ቱም ውስጥ ጥብቁን የብርሃን መጠን መስፈርት አሟልተው ሽሚትና ግሪን እ.ኤ.አ. በ1983 ኳሳር ያሏቸው 92 ናቸው። ይህ ልዩነት ትልቅ ትምህርት ነው፤ «ኳሳር» የሚለው ቃል ትርጉሙ ሳይወሰን የተጀመረ ቆጠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አምስተኛውን ሊያጣ ወይም ሊጨምር ይችላል።

ድክመቶቹ ግልጽ ናቸው። የፎቶግራፍ ሰሌዳ የድምቀት ስሕተቱ 0.3 ማግኒቲዩድ ገደማ በመሆኑ ከላይ ያነሳነው እብጠት እዚህ አለ። ሬድሺፍቱ ከ2.2 ገደማ ያለፈ ኳሳር የአልትራቫዮሌት ብልጫው ስለሚጠፋ በወንፊቱ አያልፍም። በአቧራ የተጋረደ ኳሳር ቀይ ሆኖ ስለሚታይም ይቀራል። የሆነ ሆኖ ለማስተማሪያ የሚሆን ከዚህ የተሻለ ዝርዝር አላውቅም፤ ትንሽ ነው፣ እያንዳንዱ ነገር በስፔክትረም የተረጋገጠ ነው፣ ስሕተቱም ተጠንቶ የታወቀ ነው።

በፕሪዝም የተነሱ ቅኝቶች

በቴሌስኮፑ ፊት ሰፊ ፕሪዝም ሲደረግ እያንዳንዱ ኮከብ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ አጭር ስፔክትረም ይሆናል። የሐምቡርግ ቅኝት በስፔን ካላር አልቶ ለሰሜኑ፣ የሐምቡርግና የኢኤስኦ (የደቡቡን ሰማይ የሚያጠናው የአውሮፓ ድርጅት) ቅኝት ደግሞ በቺሊ ላ ሲያ ባለው የ1 ሜትር ሽሚት ካሜራ ለደቡቡ ሰማይ በዚህ መንገድ ሠርተዋል፤ መግቢያው ላይ የጠቀስነው 1,055 ያለው ዝርዝርም በዚሁ ዘዴ ዋነኛ አጋዥነት የተገኘ ነው። ቀለምን ብቻ ሳይሆን የስፔክትረሙን ጎላ ያለ ቅርጽ ስለሚያይ ከአልትራቫዮሌቱ ወንፊት የሚያመልጡትን ይይዛል፤ የደቡቡ ቅኝት ውጤትም ፓሎማር-ግሪን ደማቅ ኳሳሮችን አሳንሶ እንደቆጠረ አመልክቷል። ለእኛ ያለው ጉድለት አዲስ ሥራ የሚሠራበት አለመሆኑ ነው፤ ለማነጻጸሪያ እንጂ ለመነሻ አይመረጥም።

ሬዲዮና ኤክስሬይ

የመጀመሪያዎቹ ኳሳሮች የተገኙት በሬዲዮ ነው። ሆኖም በሬዲዮ ጎልተው የሚሰሙት ኳሳሮች ከአሥር አንድ ያህሉ ብቻ በመሆናቸው፣ ሬዲዮን ብቻ ይዞ መቁጠር ከአሥሩ ዘጠኙን መተው ነው። ኤንቪኤስኤስ የተባለው ቅኝት የሰማዩን 82 ከመቶ ሸፍኖ ሬዲዮ በአቧራ እንደማይጋረድ ያለውን ጥቅም ቢሰጥም፣ ለቆጠራ አይበቃም፤ በሌላ መንገድ የተገኘ እጩ ላይ ድጋፍ ለማግኘት ግን ደህና ነው።

ኤክስሬይ ከዚህ በብዙ ይሻላል፤ ጋዝ የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ ሁሉ ለማለት ይቻላል ኤክስሬይ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጠቀው ኢሮዚታ ቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ቅኝቱ ግማሽ ሰማይ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለሁሉም ክፍት ሲሆን 900,000 ያህል ምንጮች ነበሩበት፤ አብዛኞቹም እኛ የምንፈልጋቸው ዓይነት ጥቁር ጉድጓዶች ናቸው። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። የተለቀቀው የሰማዩ ግማሽ ብቻ ነው፤ የምንጮቹም ቦታ በጥቂት ሴኮንድ ቅስት (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ነው) የሚወላውል ስለሆነ፣ ኮከብ በሚበዛበት አካባቢ ከየትኛው ነጥብ ጋር እንደሚዛመድ መወሰን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጋዝ በብዛት የሚጋርዳቸው አንዳንድ ኳሳሮችም በኤክስሬይ ደካማ ናቸው።

ኢንፍራሬድ

በጥቁር ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አቧራ በኳሳሩ ብርሃን ከሺህ ዲግሪ በላይ ይግላል፤ የጋለ አቧራም በኢንፍራሬድ ይበራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 የመጠቀው ዋይዝ ሳተላይት መላውን ሰማይ በአራት የኢንፍራሬድ ክፍሎች አንስቷል። ከአራቱ የምንፈልገው ሁለቱን ነው፤ በ3.4 እና በ4.6 ማይክሮ ሜትር የተለኩት ማግኒቲዩዶች ልዩነት። ለተራ ኮከብ ልዩነቱ ዜሮ ገደማ ነው፤ ለኳሳር ብዙውን ጊዜ ከ0.8 ይበልጣል። አንድ መቀነስ ብቻ ነው ሥራው፤ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል።

የዚህ ዘዴ ብርታት አቧራ አለማታለሉ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው፤ በራሳችን ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብ፣ አጠገብ ገና በመወለድ ላይ ያሉ ከዋክብት ተመሳሳይ ቀለም ያሳያሉ፣ የሳተላይቱም እይታ 6 ሴኮንድ ቅስት ያህል የደበዘዘ በመሆኑ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጥቦችን አንድ ያደርጋቸዋል።

የማይንቀሳቀስ ነጥብ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በመኪና የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ በመንገዱ ዳር ያለው የድንጋይ አጥር ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ራቅ ያለው ጎጆ በዝግታ ይሸሻል፣ ከአድማሱ ጥግ ያለው ተራራ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ጋያ የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ኳሳርን የሚለየው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 መጥቆ እስከ ጥር 2025 ድረስ ሰማዩን ሲለካ፣ የፍኖተ ሐሊብ ከዋክብት ከቦታቸው ፈቀቅ ሲሉ አይቷል፤ በቢሊዮን በሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቀት ያለው ኳሳር ግን እንደ ሩቁ ተራራ ቆሟል። ይህ ዘዴ ስለ ኳሳሩ ቀለም፣ አቧራ ወይም ሬድሺፍት ምንም አይጠይቅም። ሌሎቹ ወንፊቶች ሁሉ ኳሳሩ ምን መምሰል እንዳለበት አስቀድመው ይወስናሉ፤ ይህኛው የሚጠይቀው ሩቅ መሆኑን ብቻ ነው። ምርጫዬ ወደዚህ የሚያዘነብለውም ስለዚህ ነው።

ለደማቅ ነጥቦች ደግሞ ልኬቱ በጣም የጠራ ነው፤ ማግኒቲዩዱ 16 የሆነ ኮከብ ካለ እንቅስቃሴው አብዛኛውን ጊዜ ይያዛል። የድምቀት ልኬቱም ከፎቶግራፍ ሰሌዳ ጋር ስለማይወዳደር እብጠቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የወጣው ሦስተኛው የመረጃ ስብስብ የ220 ሚሊዮን ነጥቦችን ዝቅተኛ ጥራት ያለው ስፔክትረም ይዟል፤ በደማቅ ኳሳር ላይ ወፋፍራም መስመሮቹ በዚህ ስፔክትረም ሳይቀር ይታያሉ።

ጥንቃቄው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መግቢያው ላይ የጠቀስነው 6.6 ሚሊዮን ከዚሁ ስብስብ የወጣ የእጩዎች ብዛት ሲሆን፣ ሆን ተብሎ ለምሉዕነት የተዘጋጀ በመሆኑ ኳሳር የሆኑት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጥራቱ 95 ከመቶ ገደማ የሆነ ንዑስ ስብስብ 1.9 ሚሊዮን ይዟል። የመጀመሪያውን ቁጥር «የኳሳሮች ብዛት» ብሎ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ መጻፍ ከባድ ስሕተት ነው።

ትልቁ ቅኝት ለምን አይበቃም?

750,414 ኳሳሮችን የያዘው የስሎን ቅኝት ካታሎግ በስፔክትረም ላይ የቆመ ድንቅ ሥራ ነው፤ ተማሪዎችም መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እርሱ ነው። ነገር ግን የተሠራው ለደብዛዛዎቹ ነው። የእያንዳንዱን ነጥብ ብርሃን ወደ መሣሪያው የሚወስደው አንድ የመስታወት ክር ስለሆነ፣ የደማቅ ነጥብ ብርሃን ወደ ጎረቤቱ ክር እንዳይፈስ ሲባል፣ ከማግኒቲዩድ 15 የደመቁ ነጥቦች ከኳሳር እጩነት አስቀድመው እንዲወጡ ተደርገዋል። ሰፊው ክፍሉም የሰሜኑ ሰማይ ነው። በቺሊ የተተከለው አዲሱ የሩቢን ቴሌስኮፕም ቢሆን ከማግኒቲዩድ 16 ገደማ የደመቀ ነጥብ ካሜራውን ስለሚያጠግበው ለዚህ ቆጠራ አያገለግልም። የኳሳርን መለዋወጥ ተከታትሎ መምረጥም አማራጭ ነው፤ ነገር ግን የዓመታት ልኬትና ከባድ ስሌት ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አልመክረውም።

ሁለት ያመለጡ ኳሳሮች

ዘዴዎቹን ከወረቀት አውርደን በሁለት እውነተኛ ነገሮች ላይ እንሞክራቸው። ጄ1144−4308 የተባለው ኳሳር ማግኒቲዩዱ 14.5 ያህል ነው፤ ርቀቱ ታስቦ በራሱ በሚያወጣው ብርሃን ሲለካ ባለፉት 9 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ከታወቁት ኳሳሮች ሁሉ ብርሃነ ብዙ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን የሚያህል ነገር ግን ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ያገኙትም ኳሳር ፈላጊዎች አልነበሩም፤ ለየት ያሉ ጥንድ ከዋክብትን ሲያድኑ የነበሩ ተመራማሪዎች በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ባለው የ1.9 ሜትር ቴሌስኮፕ ስፔክትረሙን ሲያነሱ ነው ኳሳር መሆኑ የታወቀው። ለምን አመለጠ? ከፍኖተ ሐሊብ ወገብ 18 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ነው። የቀድሞ ቅኝቶች የከዋክብቱን ግርግርና አቧራውን ሸሽተው ከወገቡ 20 ዲግሪ ይርቁ ነበር። ሒሳቡን ሥሩት፤ በወገቡ ግራና ቀኝ 20 ዲግሪ መተው ከሰማዩ ሲሦ በላይ መተው ነው፤ ወሰኑ ወደ 10 ዲግሪ ቢጠብ የሚተወው 17 ከመቶ ብቻ ይሆናል። ይህ ኳሳር ከደብረ ብርሃን ሲታይ በደቡብ በኩል 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ጄ0529−4351 ነው፤ ከ500 ትሪሊዮን ፀሐዮች በላይ የሚያበራ፣ ብርሃኑ 12 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ፣ ማንነቱ እ.ኤ.አ. በ2024 የታወጀ። እ.ኤ.አ. በ1980 በተነሳ የሰማይ ፎቶግራፍ ላይ ግን ነበረ። ማግኒቲዩዱ 16 ገደማ በመሆኑ፣ ይህን የሚያህል ደማቅ ነገር በዚያ ርቀት ላይ ይኖራል ብሎ ያልጠበቀ የኮምፒውተር መለያ ኮከብ ብሎ አለፈው። የአልትራቫዮሌት ወንፊትም ሊይዘው አይችልም፤ ሬድሺፍቱ 3.96 ስለሆነ በአልትራቫዮሌት የነበረው ዋነኛው የሃይድሮጅን መስመር እኛ ዘንድ ሲደርስ 603 ናኖ ሜትር፣ ማለትም ብርቱካናማ፣ ሆኗል።

ይህን ትምህርት ይዞ የተነሳው ኦልብሪክስ የተባለ የመላ ሰማይ ቅኝት ጋያንና ዋይዝን አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የመጀመሪያ ውጤት በደማቁ ወሰን ውስጥ 116 ኳሳሮችን በስፔክትረም ሲያረጋግጥ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ነበሩ። ከስድሳ ዓመት ፍለጋ በኋላ ማለት ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ዘዴ | የሰማይ ሽፋን | በዋነኛነት የሚያመልጠው | ከኳሳር ጋር የሚያሳስተው | ለጀማሪ ያለው ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| አልትራቫዮሌት (ፓሎማር-ግሪን) | ሩብ፣ ሰሜን | ሬድሺፍቱ ከ2.2 ያለፈ፣ በአቧራ የተጋረደ | ነጭ ድንክና የጋሉ ከዋክብት | በጣም ትንሽ |
| ፕሪዝም (ሐምቡርግ) | ሰሜንና ደቡብ ለየብቻ | ከፍኖተ ሐሊብ አጠገብ ያለ | አንዳንድ ሰማያዊ ከዋክብት | ትንሽ፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ |
| ሬዲዮ (ኤንቪኤስኤስ) | 82 ከመቶ | ከአሥር ዘጠኙ | የሬዲዮ ጋላክሲዎች | ትንሽ |
| ኤክስሬይ (ኢሮዚታ) | ግማሽ | በጋዝ የተጋረደ | ኤክስሬይ የሚያወጡ ከዋክብት | መካከለኛ |
| ኢንፍራሬድ (ዋይዝ) | መላ ሰማይ | የጋላክሲው ብርሃን የዋጠው | በመወለድ ላይ ያሉ ከዋክብት | ትንሽ |
| አለመንቀሳቀስ (ጋያ) | መላ ሰማይ | ጋላክሲው ጎልቶ የሚታይ ቅርብ ኳሳር | በጣም ሩቅ ከዋክብት | ትንሽ፣ በጥንቃቄ ከተጠየቀ |
| ጋያና ዋይዝ በጥምር | መላ ሰማይ | ጥቂት | ጥቂት | መካከለኛ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ላፕቶፕና የሞባይል ዳታ ብቻ ላለው የሁለተኛ ደረጃ ክበብ የፓሎማር-ግሪን ዝርዝር ይበቃል። 114ቱን በድምቀት ቅደም ተከተል ደርድረው፣ በየግማሽ ማግኒቲዩዱ ስንት እንዳለ ቆጥረው ግራፍ ቢሠሩ፣ ብዛቱ እንዴት እየተተኮሰ እንደሚያድግ በራሳቸው እጅ ያያሉ። ይህ ሥራ በደብተርና በእርሳስም ይሠራል።

ለመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ጋያና ዋይዝን ማጣመር ነው ምክሬ። እዚህ ላይ ከደረሰብኝ ልንገራችሁ፤ አንድ ጊዜ ከተማሪዎች ጋር የእጩዎቹን ሙሉ ፋይል ለማውረድ ተነስተን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ሊነጋ ሲል መብራት ጠፋና ሁሉም ከንቱ ቀረ። አስፈላጊም አልነበረም። የጋያ መዝገብ በጥያቄ ቋንቋ የምትፈልጉትን ረድፍና ዓምድ ብቻ እንድትጠይቁ ይፈቅዳል፤ ከተወሰነ ማግኒቲዩድ የደመቁትን፣ ከፍኖተ ሐሊብ ወገብ ከ10 ዲግሪ በላይ ያሉትን፣ ቦታቸውን፣ እንቅስቃሴያቸውንና ስሕተቱን ብቻ ብትጠይቁ የሚመጣው ፋይል ከአንድ ዘፈን አይበልጥም። ከዚያ ቶፕካት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ከዋይዝ ጋር አዛምዱት። የማዛመጃውን ርቀት በሴኮንድ ቅስት መሙላታችሁን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ በደቂቃ ቅስት የሞላ ተማሪ ያልነበረ ኳሳር ሲቆጥር አይቻለሁ። በመጨረሻም የፓሎማር-ግሪንን 114 በራሳችሁ ወንፊት አሳልፏቸው፤ ከእነርሱ ስንቱ እንዳለፈ የምሉዕነታችሁን ልክ ይነግራችኋል። ያለዚህ ሙከራ የቀረበ ቆጠራን እኔ ብሆን አልቀበለውም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ሥራ ኤክስሬይን እንደ ገለልተኛ ምስክር መጨመር፣ እንዲሁም ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበውን የመጠነ ቦታ ፈተና መሥራት ይገባል። ፈተናው እያንዳንዱ ኳሳር ያለበትን ርቀት፣ በወሰናችን ውስጥ ሆኖ ሊታይ ከሚችልበት የመጨረሻ ርቀት ጋር በመጠነ ቦታ ያነጻጽራል። ኳሳሮች በየርቀቱ እኩል የተበተኑ ቢሆኑ አማካዩ 0.5 ይሆን ነበር፤ ሽሚት ያገኘው ወደ 0.7 የሚጠጋ ነው፣ ማለትም ዱሮ ይበዙ ነበር። አዲስ እጩ ካገኛችሁ ማረጋገጫው ስፔክትረም ነው። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ለምትፈልጉት ድምቀት የሚሆን የስፔክትረም መሣሪያ በሥራ ላይ መኖሩን ጠይቁ።

20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ደግሞ አዲስ ኳሳር አያገኝም፤ 3ሲ 273ን ግን በገዛ ዓይኑ ማየት ይችላል። ኳሳሯ በድንግል ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ናት። ጊዜውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከአናት የምትውለው በመጋቢት ቢሆንም፣ ያን ጊዜ በሰሜን ሸዋ የበልግ ደመና ሊጋርዳት ይችላል። በጥምቀት ሰሞን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ በምሥራቅ ትወጣለች፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከአድማስ 82 ዲግሪ፣ ማለትም ከአናታችን እምብዛም ሳትርቅ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ስለሚያይል ቴሌስኮፑን ቀደም ብሎ ደጅ አውጥቶ ማቀዝቀዝ፣ ጤዛ ሌንሱን እንዳያለብሰውም በፊቱ ላይ ከወፍራም ካርቶን የተጠቀለለ ቱቦ ማድረግ ይበጃል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ፤ የአካባቢውን ከዋክብት ካርታ በወረቀት አትማችሁ በቀይ መብራት አንብቡ፤ ከካርታው ላይ ምልክት ያደረጋችሁባት ደብዛዛ ነጥብ እስክትታያችሁ ድረስ ዓይናችሁ ጨለማውን እንዲለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሡ።